የይማርሽ ሣጥንና የአረጋ ድምፅ

ላሊበላ ውስጥ ይማርሽን በመልክ የማያውቃት ሰው ሣጥኗን ያውቃል። የጫማ ካርቶን የምታክል፣ ከዋንዛ እንጨት የተሠራች፣ ከፊት ለፊቷ አንድ ማዞሪያ ብቻ ያላት ሣጥን ናት። ማዞሪያውን ወደ ግራ ያዞሩታል፣ መዝሙር ይመጣል። ወደ ቀኝ ያዞሩታል፣ ዘፈን ይመጣል። መሐል ላይ ከመለሱት ዝም ትላለች። ሌላ የሚነካ ነገር የላትም። በዚህች ሣጥን ምክንያት አንድ ሰው ከተማውን ለቆ ሄዷል፤ ይማርሽም ያሰበችውንም ያላሰበችውንም አግኝታለች። ታሪኩን የሰማሁት ከራሷና ከጎረቤቶቿ ነው። ግማሹን ደግሞ በገዛ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ ያኔ እዚያው ከተማ አስተማሪ ስለነበርኩ አንዷ ሣጥን እኔ ቤት መደርደሪያ ላይ ነበረች።

አባቷ መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ከአርባ ዓመት በላይ ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው የጠፋው ይማርሽ ስምንተኛ ክፍል ሳለች ነው። እናቷ ቀድማ ስለሞተች ቤቱ የሁለቱ ብቻ ነበር። እሳቸው ግን ማየት ስላቃታቸው ማስተማር አልተዉም። መጽሐፉ ራሳቸው ውስጥ ነበር። ተማሪዎቻቸው ማለዳ ግቢያቸው ውስጥ ከበዋቸው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሲስት መሪጌታ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ ያደርጋሉ፤ ያ ተማሪ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ይማርሽ በዚህ ድምፅ ነው ያደገችው።

ወልድያ ሄዳ ኤሌክትሮኒክስ ተምራ በ2004 ዓ.ም. ስትመለስ ሥራ የሰጣት አረጋ ነው። አረጋ ዋናው መንገድ ዳር ሱቅ ነበረው። ስልክ ይጠግናል፣ ሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን ይጭናል፤ ሚስቱ ሔለን የስልክ ልባስና ቻርጀር ትሸጣለች። በዕድሜ ከይማርሽ አሥራ አምስት ዓመት ስለሚበልጣት «ጋሽ አረጋ» ትለው ነበር። ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ደንበኛ ከሱቁ በወጣ በደቂቃ ውስጥ አነጋገሩን፣ ሳሉን፣ አካሄዱን ሳይቀር አስመስሎ ያሳያል። ሱቁ ውስጥ ያለ ሁሉ ይስቃል። ይማርሽም ትስቅ ነበር፤ ይህን ስትነግረኝ አልደበቀችም።

ደንበኞቹ ዘፈን አስጭነው ይሄዳሉ፣ በማግሥቱ ተመልሰው ይመጣሉ። «ጠፋብኝ» ይላሉ። አልጠፋም፤ ስልኩ ውስጥ ነው፤ ግን እዚያ ለመድረስ አምስት ቦታ መንካት፣ ያውም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማንበብ ያስፈልጋል። የሻው የሚባል ከአሸተን ማርያም በታች የሚያርስ ገበሬ ነበር። እርፍ ያጠነከረውን አውራ ጣቱን የስልኩ መስታወት አይቀበለውም። ደጃፉ ላይ ቆሞ ጣቱን በምራቁ እያራሰ ደጋግሞ ይጫናል፤ ስልኩ ዝም። እማሆይ አመተ ጊዮርጊስ ደግሞ የእህታቸው ልጅ ከአዲስ አበባ የላከችላቸው ስልክ ነበራቸው። መዝሙር ብለው ሲነኩት የጭፈራ ዘፈን ይወጣል። ያን ጊዜ ስልኩን በነጠላቸው ጠቅልለው እየተጣደፉ ይመጣሉ።

«ልጄ፣ እንደው ምን አድርጌው ነው? በጾም ቀን ዘፈን ዘፈነብኝ» ይላሉ።

«እርስዎ ምንም አላደረጉም፣ እማሆይ። አሠራሩ ነው» ትላቸዋለች ይማርሽ።

አንድ ቀን ይማርሽ ለአረጋ እንዲህ አለችው፦ «ጋሽ አረጋ፣ ዘፈኑም መዝሙሩም እዚህ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥ። ጣሪያችን ላይ አንቴና እንትከል። እነሱ ቤት የሚገባው ስፒከርና ማዞሪያ ብቻ ይሁን። መፈለጉን እኛ እንፈልግላቸው።»

ከተማው ተዳፋት ላይ ስለሆነ የአረጋ ጣሪያ ከየደጁ ይታያል፤ ዋይፋዩ ያለ ኢንተርኔት ከቤት ቤት ይደርሳል። አረጋ መጀመሪያ ሳቀ፣ ኋላ ግን «እስቲ ሞክሪው» አላት።

ሙከራው አንድ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ። የመጀመሪያዋ ሣጥን አራት ቁልፎች ነበሯት። ይማርሽ ምንም ሳትነግራቸው አባቷ እጅ ላይ አስቀመጠችላቸው። መሪጌታ ዳበሷት፣ አንዱን ተጫኑ፣ ሌላውን ተጫኑ፣ ግራ ገባቸውና መለሱላት። ያችን አፈረሰቻት። ሁለተኛዋ ስትበራ ቀይ መብራት ታሳይ ነበር፤ ለዓይነ ስውር መብራቱ ምን ያደርጋል፤ እሷንም አፈረሰቻት። ሦስተኛዋ ጥሩ ነበረች፣ ግን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ድምፁን ከአንቴናው የሚቀበለው፣ ሣጥኗ ውስጥ ያለው አሮጌ ስልክ በእንግሊዝኛ ጥያቄ ይጠይቅና መልስ እስኪያገኝ አይነሳም። ላሊበላ መብራት በቀን ስንቴ እንደሚጠፋ የሚያውቅ ያውቃል። ስልኩ ሳይጠይቅ በራሱ እንዲነሳ ለማድረግ ሁለት ወር ፈጀባት። ደግሞ መስመሩ ሲቋረጥ ሣጥኗ ዝም ስለምትል ሰዎች ተበላሸች ብለው በጥፊ ይመቷታል። በራሷ ድምፅ «ጥቂት ይታገሱ፣ ይመለሳል» የሚል ቀድታ አስገባችባት። ከዚያ ወዲህ የመታት የለም። ድምፅ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍ ሲጠየቅ ሌላ ቁልፍ አልጨመረችም፤ ያንኑ ማዞሪያ ገፋ ባደረጉት ቁጥር ድምፁ ከፍ እንዲል አደረገች።

የመጨረሻዋን ለአባቷ ሰጠቻቸው። ወደ ግራ አዞሯት፣ መዝሙር መጣ። መሐል መለሷት፣ ዝም አለች።

«ሌላስ ምን አላት?» አሉ።

«ሌላ የላትም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ጥሩ ሠርተሻል» አሏት። መሪጌታ ተማሪዎቻቸውን እንኳ እንዲህ ሲያመሰግኑ የሰማ የለም።

በ2006 ዓ.ም. ሣጥኗ ሰባ ቤት ገባች። አረጋ አንዷን ይዞ ወልድያ ለተደረገ ኤግዚቢሽን ሄደ፤ ይማርሽንም ዕቃ እንድትሸከም ወሰዳት። ከክልል የመጡ እንግዶች ቆመው «ማን ሠራው?» ሲሉ፣ ይማርሽ ሣጥኗን አቅፋ ከጎኑ ቆማ ነበር።

«እኔ ነኝ የሠራሁት። ልጅቷ ሱቅ ታጸዳልኛለች» አለ አረጋ።

ሽልማቱን ሲቀበል አጨበጨበች። በመኪና ሲመለሱ ሣጥኗን እሷ አቅፋ ተቀመጠች። አረጋ የተሸለመውን የምስክር ወረቀት ጭኑ ላይ ዘርግቶ ያነብ ነበር።

እንግዶቹ «ስክሪንስ የለውም?» ብለው ጠይቀውት ስለነበር፣ እንደተመለሰ ማዞሪያውን እያስነቀለ በየሣጥኖቹ ላይ ስክሪን አስገጠመ፤ ወደ ሣጥኖቹ ስልክ የሚያስገባ ፓስወርድም ጨመረ። ዘመናዊ ሆነ። ሰዎች እንደ ድሮው «ጠፋብኝ» እያሉ ይመጡ ጀመር። አረጋ ይቆጣቸዋል፤ ሲወጡ ያስመስላቸዋል። ደግሞ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ለሁሉም ሣጥን በአንድ ጊዜ የሚደርስ ማስታወቂያ ጀመረ፤ የሥጋ ቤት፣ የፀጉር ቤት፣ የሲሚንቶ። የማስታወቂያውን መንገድ የሠራችለት ይማርሽ ናት። ፓስወርዱንም ያወጣችው እሷ ናት።

እስከዚህ ድረስ ችላው ነበር። ያልቻለችው የአባቷን ነው።

ይማርሽ ማለዳ ማለዳ የመሪጌታን ትምህርት በስልኳ ትቀዳ ነበር። እሳቸው ካለፉ በኋላ ለተማሪዎቹ እንዲቀር ብላ ነው። ስልኳ ሲሞላ በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ትገለብጠዋለች። አረጋ አገኘው። ከሥሩ ኦርጋንና ከበሮ አስገባበት፤ በሚሞሪ ላይ ከጭፈራ ዘፈን ጋር ቀላቅሎ ሸጠው። ከመሪጌታ ተማሪዎች አንዱ ጋሸና ላይ መኪና ውስጥ ተሳፍሮ የመምህሩን ድምፅ ሰማ። ሰዎቹ ትከሻቸውን ይነቀንቁበት ነበር።

ወሬው ካህናቱ ዘንድ ደረሰ። ሁለት ሽማግሌ ካህናት መሪጌታ ቤት መጥተው ጠየቋቸው። ይማርሽ ጓዳ ሆና ሰማች።

«ድምፁ የእርስዎ ነው፣ መሪጌታ?»

«የእኔ ነው።»

«ሸጠውት ነው?»

«አልሸጥኩም።»

«ታዲያ እንዴት ወጣ?»

መሪጌታ ዝም አሉ። ልጄ ቀዳችው ማለት ልጃቸውን መክሰስ ስለሆነባቸው ነው። ካህናቱ ዝምታውን በሌላ ተረጎሙት። ከዚያ ወዲህ ግቢው ውስጥ የሚቀመጡት ተማሪዎች እየሳሱ ሄዱ። በወሩ መሪጌታ ማስተማር አቆሙ። «ደከመኝ» ብቻ አሉ። ማለዳ ቤቱ ጸጥ ማለት ጀመረ።

ይማርሽ ሱቁ ሄደች። አምስት ስድስት ሰው ነበር።

«የአባቴን ድምፅ ማን ፈቀደልህ?» አለችው። «ጋሽ» የሚለውን ያን ቀን ተወችው።

«ኮምፒውተሩ የማን ነው?» አለ አረጋ። «ኮምፒውተሬ ላይ ያለው የእኔ ነው።»

«አባቴ ማስተማር አቆሙ።»

«እንግዲህ አርጅተዋል።» ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ የመሪጌታን ዜማ በአፍንጫው እያወጣ በእጁ ባንኮኒውን እየዳበሰ አሳየ። ልክ እሳቸው ናቸው። ሰዎቹ ሳቁ። አንዳንዱ እሷን እያየ ሳቁን ዋጠ።

ይማርሽ ካቻቢቴዎቿን ሰብስባ ወጣች። ቤቷ እስክትደርስ ምን እንደምታደርግ አውቃ ነበር።

የአረጋ ባንኮኒ ላይ ለደንበኛ ማሳያ የምትቀመጥ አንዲት ሣጥን ነበረች። እንደ ሌሎቹ ሁሉ ውስጧ አሮጌ ስልክ አለ፤ ስልኩም ድምፅ የሚሰማበት መስሚያው፣ ማይኩ፣ አልተነቀለም። ይማርሽ ከሱቁ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ካለው ቤቷ ሆና፣ ራሷ በተከለችው የሱቁ አንቴና በኩል፣ ራሷ ባወጣችው ፓስወርድ ያንን ስልክ ከፈተችው። ሱቁ ውስጥ የሚባለው ሁሉ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። ስድስት ሳምንት አዳመጠች። ሔለንን በሩን ክፈቺ ሲላት፣ ሲበላ፣ ሲያዛጋ፤ ከሁሉ በላይ ደንበኛ በወጣ ቁጥር ሲያስመስል። ሁሉንም ቀዳችው።

«በሕይወቴ እንዲህ ያለ ደስታ አላውቅም ነበር» ብላኛለች። «ሰውየው አፉን በከፈተ ቁጥር ለእኔ እየሠራልኝ ነበር።»

በእነዚያ ሳምንታት ሌላም ነገር ታደርግ ነበር። ሣጥናቸው የተበላሸባቸውን ሰዎች ቤት እየሄደች ትጠግንላቸው ጀመር። ሰው «አረጋ በድሏት እሷ ሥራውን ታቃናለታለች» እያለ አደነቃት። እኔም አድንቄያታለሁ፤ የእኔንም ጠግናልኛለች። እሷ ግን የምታስበው አንድ ነገር ነበር፦ ቀኑ ሲደርስ አንድም ሣጥን ዝም እንዳይል። ለጎረቤቶቿ አረጋ ዘንድ ሄደው አዳዲስ እንዲያስገቡም ትመክር ነበር። ሰባው ሰማንያ አምስት ሆነ።

ያን ጊዜ አረጋ ፓስወርዱን ቀይሮ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ይቀር ነበር። እንዴት እንደሚቀየር አያውቅም። ለመጠየቅም አፈረ።

ቀኑ በ2007 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ፣ ቅዳሜ፣ ገበያ ነበር። ኤግዚቢሽኑ ላይ የሸለሙት እንግዶች ሱቁን ሊያዩ መጥተዋል። አረጋ ሱፍ ለብሷል፤ ደጃፉ ላይ ወንበር ደርድሯል። ይማርሽ ቅጂውን ከሦስት ቀን በፊት ጀምራ፣ በማስታወቂያ ሰዓት፣ በየሣጥኑ ስልክ ውስጥ ጥቂት ጥቂት እያደረገች አስቀምጣ፣ ሰዓቱ ሲደርስ በራሱ እንዲነሳ አድርጋው ነበር። ስለዚህ ያን ቀን ከሱቁ የሚያስፈልጋት ነገር አልነበረም።

እኔ ቤቴ ምሳ እየበላሁ ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን የሥጋ ቤቱ ማስታወቂያ ጀመረ፣ ተቋረጠ፣ የአረጋ ሳቅ መጣ። ከዚያ አረጋ የሻውን ሆኖ ጣቱን እየላሰ «ኧረ ይኼ ነገር በሬ ነው እንዴ፣ ካልወጉት አይሄድም» ሲል ሰማሁ። ቀጥሎ በራሱ ድምፅ፦ «አህያ ሁሉ። ስልክ ለእነዚህ? ጭድ ነው የሚገባቸው።» ከዚያ እማሆይ አመተ ጊዮርጊስ ሆነ። ትንፋሻቸው፣ ማማተባቸው፣ በጾም ቀን ዘፈን ዘፈነብኝ ማለታቸው፤ የዘፈኑን ቃል እየጠራ በእሳቸው ድምፅ «እስክስ!» አለ። ከዚያ የወልድያዎቹን እንግዶች አስመሰለ፤ ስክሪን ስክሪን የሚሉ፣ ማዞሪያና ድንች የማይለዩ አላቸው። መጨረሻ ላይ፦ «ሣጥኑን ይማርሽ ናት የሠራችው፤ ዕቃ ተሸክማ አጨበጨበችልኝ፤ እንዲህ ያለ ሞኝ ከየት ይገኛል?»

ወደ ደጅ ወጣሁ። ድምፁ ከሻይ ቤቱ፣ ከፀጉር ቤቱ፣ ከየግቢው ይመጣ ነበር። መንገዱ ላይ የገበያ ሰው ቆሟል። አረጋ ሱቁ ውስጥ ሮጦ ገብቶ የኮምፒውተሩን ገመድ ነቀለ። ድምፁ ቀጠለ። ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ገነደሰ። ድምፁ አሁንም ቀጠለ። እንግዶቹ ተነስተው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ሱፍ ለብሶ ቆርቆሮ ላይ የቆመውን አረጋን ይማርሽ ከቤቷ ደጃፍ ሆና አየችው። እስኪወርድ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።

ከሰዓት በኋላ ሰዎች ሣጥኖቻቸውን ያመጡ ጀመር። በረንዳው ላይ ይጥሉለትና ይሄዳሉ፤ የሚሳደብ የለም። ሲመሽ ሣጥኑ ክምር ሆነ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አረጋ ሱቁን ዘግቶ ፍላቂት ወደምትባለው ከተማ ሄደ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ይማርሽ የፈለገችው ሁሉ ሆኗል ማለት ነው። ግን ከተማው ውስጥ ሌላ ነገር ጀምሮ ነበር። የአረጋ ማስመሰል ጥሩ ስለሆነ ሰው ተቆጥቶም ስቋል። በማግሥቱ እማሆይ አመተ ጊዮርጊስ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ልጆች ከኋላቸው «በጾም ቀን ዘፈነብኝ» እያሉ እስክስታ ወረዱ። እማሆይ ሦስት ቀን ከቤታቸው አልወጡም። ይማርሽ ሰምታ ሄደች፤ በራቸው ላይ ቆመች።

«እማሆይ፣ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎን አስቤ አልነበረም» አለች።

«እኔን እንዳላሰብሽ አውቃለሁ» አሉ እማሆይ። በሩን ከፈቱላት፣ ግን ግቢ አላሏትም። «አረጋ ሱቁ ውስጥ ሰደበኝ። አንቺ በከተማው ሁሉ አሰደብሽኝ።»

እማሆይ ቀጠሉ፦

«ደግሞ በአባትሽም ያሾፍ ነበር። ሰው ሁሉ ያውቃል። የእሳቸውን ቆርጠሽ አስቀርተሽ የእኔን ለቀቅሽው።»

እውነት ነበር። ቅጂው ውስጥ የመሪጌታ ማስመሰል አራት ቦታ ነበር፤ አራቱንም በጥንቃቄ አውጥታቸዋለች። አባቷ እንዳይሰሙ ብላ ነው። ሌላው ሰውም አባት፣ እናት፣ ልጅ እንዳለው ያን ስትቆርጥ ትዝ አላላትም።

ሁለተኛው ነገር ፍርሃት ነው። ሰው ከሳቁ በኋላ ማሰብ ጀመረ። አረጋ ሱቁ ውስጥ የተናገረው ከተሰማ፣ እኛ ቤታችን የምንናገረውስ? ያ ዘመን ጎረቤት ጎረቤቱን የሚፈራበት፣ ሰው ስለ መንግሥት ሲያወራ በሩን ዘግቶ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግበት ጊዜ ነው። ያልተመለሱት ሣጥኖች ላይ ጨርቅ ተጣለ። አንዳንዱ ከብት በረት አስገባት። የሻው ሣጥኑን ይዞ ይማርሽ ቤት መጣ። እሱ በስድቡ አልተከፋም፤ «ጣቴስ እውነትም እንደዚያ ነው» እያለ ስቋል።

«ይኸው ሣጥንሽ» አላት።

«ጋሽ የሻው፣ ሣጥኗ ምን አደረገችዎት?»

«ምንም። ግን ቤቴ ውስጥ የሚባለውን እኔ ብቻ ልስማው።»

አረጋ ከሄደ በሳምንቱ አንድ ባለሥልጣን ቢሮው አስጠራት። ሻይ አዘዘላት። ያለ ፈቃድ በየሰው ቤት ስላሰራጨሁት ድምፅ ይጠይቀኛል ብላ መልስ አዘጋጅታ ነበር። እሱ ግን ፈገግ እያለ ነበር።

«ያ የሱቁ ሣጥን ብቻ ነው የሚሰማው ወይስ ሁሉም?» አላት።

«የሱቁ ብቻ ነው። ተበላሽቶ ነው» ብላ ዋሸች።

«ሌላውም እንዲበላሽ ማድረግ ይቻላል?»

ይማርሽ ሻዩን አማሰለች።

«አስቢበት። ሱቅ ትፈልጊያለሽ፤ ቦታ እንሰጥሻለን። እኛ ብዙ አንጠይቅም።»

ሰውየው የጠየቃት እሷ ስድስት ሳምንት ሙሉ በደስታ ስታደርገው የቆየችውን ነው። ሻዩን ሳትጨርስ ተነሳች። «እችል እንደሆነ አያለሁ» አለችው፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሔለን ሄደች። ሔለን ዕቃ ለመጫን ከአረጋ አሥራ አምስት ቀን ወደኋላ ቀርታ ነበር። የሣጥኑ ክምር ገና በረንዳው ላይ ነው።

«ሣጥኖቹን ልውሰዳቸው» አለቻት።

«ውሰጂያቸው። ዓይኔ እንዳያያቸው» አለች ሔለን። ቀጥላ፦ «እሱስ እሺ። እኔ ምን አድርጌሽ ነው ስድስት ሳምንት ከባሌ ጋር የማወራውን የሰማሽው?»

ይማርሽ ሣጥኖቹን በአህያ አስጭና ወሰደች።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ከተማው ያስታውሳል። በየቤቱ እየሄደች፣ ባለቤቱ ፊት፣ ሣጥኗን በካቻቢቴ ትከፍታለች። ስልኩን ታወጣለች፤ የመስሚያውን ቁራጭ በፒንሳ ነቅላ ባለቤቱ እጅ ላይ ታስቀምጣለች። «ይቺ ናት ጆሮዋ። እርስዎ ዘንድ ትቀመጥ» ትላለች። ስክሪኑንም ነቅላ ማዞሪያውን ትመልሳለች። የመጀመሪያዋን የከፈተችው የእማሆይን ነው። እማሆይ ቁራጯን በጨርቅ ቋጥረው አስቀመጡ፤ ሣጥኗን ግን ለአንድ ዓመት አላዞሯትም። ከሰማንያ አምስቱ መጀመሪያ የተመለሱት ዘጠኝ ቤቶች ናቸው። የሻው አሥረኛ ሆነ። ባለሥልጣኑ ሁለተኛ ሲያስጠራት፣ ሁሉንም ነቅዬአለሁ፣ ከፈለጉት በየባለቤቱ እጅ ነው አለችው። የሱቅ ቦታው ቀረ። እስካሁን ቤቷ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ አዲሱ አንቴናም እዚያው ጣሪያዋ ላይ ነው።

መሪጌታ ከካህናቱ ጋር በዚያው ሰሞን ታርቀዋል። ቅጂው ውስጥ አረጋ «የሽማግሌውን ዜማ ከበሮ አስገባሁበት» ሲል ራሱ ስለመሰከረ፣ ሁለቱ ካህናት መጥተው ይቅርታ ጠየቁ። ሰባት ተማሪዎች ተመለሱ። በ2008 ዓ.ም. አረጋ ከፍላቂት ሦስት ሽማግሌ ላከ። መሪጌታ አስቀምጠው አስተናገዷቸው።

«እኔ ይቅር ብያለሁ» አሉ። «ልጄን ራሷን ጠይቋት።»

ይማርሽ ቆማ ነበር። «አባቴ የራሳቸውን ይቅር ብለዋል። እኔ የራሴን አላልኩም» አለች።

«ሰውየው ከአገሩ ወጥቷል፤ ከዚህ በላይ ምን ይሁን?» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«ምንም አይሁን። እኔ ምንም አልጠየቅኩትም።»

ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ መሪጌታ፦ «በእኔ ብቻ ከሆነ እኔ ትቼዋለሁ። ምን ቀረሽ?» አሏት።

አረጋ ዓይኑን ጨፍኖ ባንኮኒውን እንደዳበሰ ልትነግራቸው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። አልነገረቻቸውም። እኔ እስከማውቀው አባቷ ያንን ሳይሰሙ ነው የኖሩት።

በ2009 ዓ.ም. ፍላቂት ሻይ ቤት ያላት ሙሉሃብት የምትባል ሴት ሣጥኗን ላሊበላ አይታ፣ አንቴና እንድትተክልላት ጠየቀቻት። ሻይ ቤቱ ከአረጋ ኪዮስክ ፊት ለፊት እንደሆነ ይማርሽ ቀድማ ታውቃለች፤ ለዚያም ነው እሺ ያለችው፤ ይህንንም አልደበቀችኝም። ገበያ ቀን ሄዳ መሰላል አቁማ ጣሪያ ላይ ወጣች። አረጋ ከኪዮስኩ ወጥቶ ከታች ቆመ። ከስቷል፤ ፀጉሩም ሸብቷል።

«ደህና ዋልሽ፣ ይማርሽ?» አለ።

ብሎኑን ማጥበቅ ቀጠለች።

«መሰላሉ ይወዛወዛል፤ ልያዝልሽ?»

ሙሉሃብት መጥታ መሰላሉን ያዘች። አረጋ ጥቂት ቆሞ ወደ ኪዮስኩ ተመለሰ። ይማርሽ ወርዳ ሣጥኗን ሻይ ቤቱ መስኮት አጠገብ አስቀመጠች፤ ለሙሉሃብት ማዞሪያውን አንድ ጊዜ አሳየቻት፤ የመስሚያውን ቁራጭ ነቅላ እጇ ላይ ሰጠቻት። ከዚያ ሻይ ቤቱ ውስጥ ከነበሩት ገበሬዎች ሦስቱ ሣጥኗ የት እንደምትገኝ ጠየቋት፤ ከመካከላቸው ሁለቱ እስከዚያ ቀን አረጋ ዘንድ ሚሞሪ የሚያስጭኑ ነበሩ። ቤታቸው የት እንደሆነ ጽፋ ያዘች።

አሁን በላሊበላና በዙሪያው ከሁለት መቶ ቤት በላይ ሣጥኗ አለ። የበደለኝን ልበቀል ስትል ያሳመመቻቸውን ሰዎች ስታወራ ድምፅዋ ይለወጣል፤ ስለ እማሆይና ስለ ሔለን ሁለት ጊዜ ስታለቅስ አይቻታለሁ። ስለ አረጋ ግን አላለቀሰችም። ፍላቂት ሥራ ሲኖራት መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ሰላም ይላታል፣ አትመልስለትም።